ሁዳዴ ሲገባ ኪኒኔን ምን ላድርገው?

የአንባቢ ደብዳቤ

ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጅ፣

በጎንደር ከተማ የምኖር የ51 ዓመት ሴት ነኝ። ባለትዳርና የሦስት ልጆች እናት ስሆን፣ ባለቤቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ አማቴም ከእኛው ጋር ይኖራሉ። ከሁለት ዓመት በፊት ውኃ ጥም አላስቆም ሲለኝና ሌሊት ለሽንት መመላለሱ ሲበዛብኝ ሐኪም ቤት ሄጄ የስኳር ሕመም እንዳለብኝ ተነገረኝ፤ በዚያው የደም ግፊትም ተገኘብኝ። ከዚያ ወዲህ ክትትል ላይ ነኝ። ጠዋትና ማታ ሜትፎርሚን፣ ጠዋት ግሊቤንክላሚድ፣ ለግፊቱ ደግሞ ኢናላፕሪል እወስዳለሁ።

ስኳር፣ ጨውና ቅባት ቀንሺ፣ እንጀራውም ከግማሽ አይለፍ ተብያለሁ። ስለዚህ ለቤተ ሰቡ እንደ ወትሮው እሠራለሁ፤ ለራሴ ደግሞ በትንሿ ድስት ጨው የሌለው ድንችና ካሮት ቀቅዬ፣ ሌሎቹ በልተው ሲነሡ ማድቤት ውስጥ ለብቻዬ እበላለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ትንሹ ልጄ «እማዬ፣ ነይ እንጂ» እያለ ይጠራኝ ነበር፤ አሁን ትቶታል። ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገር ግን ምግቡ አስቸገረኝ ስለው «እንግዲህ የታዘዝሽውን መብላት ነው፤ ምን ይደረጋል» ብሎ ያልፈዋል።

ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ጾሙ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ። ባለፈው ዓመት ጠዋት ኪኒኔን ውጬ፣ እህል ሳልቀምስ ቅዳሴ ቆሜ ሳለሁ ላብ አሰመጠኝ፤ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ዓይኔም ጨለመብኝ። ሴቶች ደግፈው አስቀመጡኝ። ምን ሆንሽ ሲሉኝ «ጨጓራዬ ነው» አልኩ። ከዚያ በኋላ በጾም ቀን የጠዋቱን ኪኒን መዝለል ጀመርኩ፤ አንዳንድ ቀን የጠዋቱንና የማታውን አንድ ላይ ማታ እውጠዋለሁ። ለሐኪሙ አልነገርኩም። አማቴ «ጾም ያሽራል እንጂ መቼ ያሳምማል» ይላሉ፤ የአብሽ ውኃም በየጠዋቱ ያጠጡኛል።

የማርያም ማኅበርተኛ ነኝ፤ በየወሩ በ21 እንሰበሰባለን። «በሞቴ ብዪ» አለ፣ ጉርሻው አለ፣ ጠላው አለ። እምቢ ስል ኮራች እባላለሁ፤ እሺ ብዬ ስበላ ደግሞ ሰውነቴ ይከብደኛል፣ ራሴንም ያዞረኛል። ዘንድሮ በሁዳዴ የመደገሱ ተራ የእኔ ነው። ሕመሜን እንዳልናገር ትልቋ ልጄ ለትዳር ደርሳለች፤ «ዘራቸው ስኳር አለበት» ተብሎ እንዳይወራባት እፈራለሁ። ማኅበሩን ልተው? ጾሙን ልተው? ወይስ ኪኒኑን ወደ ማታ ማዞሬ ያስኬዳል?

ስሜ ይቆይ፣ ከጎንደር

መልስ

የተከበሩ እኅቴ፣

ካነሡልኝ ጥያቄዎች በመጨረሻ የጻፉትን አስቀድማለሁ፤ ስለ ማኅበሩም ሆነ ስለ ጾሙ ረጋ ብሎ ለመምከር ጊዜ አለ፣ በኪኒኑ ጉዳይ ግን ዛሬ ማታ የሚያደርጉት ነገር ያሳስበኛል። እባክዎ፣ የዘለሉትን የጠዋት መድኃኒት በማታው ላይ ደርበው አይውሰዱ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ በየትኛው ሰዓትና በምን መጠን እንደሚወስዱ የሚወስነው የሚከታተልዎ ባለሙያ ነው። ያመለጠን መጠን ደርቦ መውሰድ ግን ባለሙያዎች አጥብቀው የሚከለክሉት ነገር ስለሆነ ይህን ያህል ለማለት አልፈራም።

ቅዳሴ ላይ የደረሰብዎ፣ ላቡ፣ መንቀጥቀጡና የዓይን መጨለሙ፣ ስኳር ከሚገባው በታች ሲወርድ የሚታይ ምልክት ነው። በመሣሪያ ስላልተለካ በእርግጠኝነት መናገር ባይቻልም፣ ከሚወስዱት መድኃኒት ጋር ሲታይ አስቀድሞ የሚጠረጠረው እሱ ነው። ግሊቤንክላሚድ ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ የሚገፋፋ መድኃኒት ነው፤ ሰው በላ አልበላ ሥራውን ይሠራል፣ የሚሠራውም ለረጅም ሰዓት ነው። ጠዋት በባዶ ሆድ ከዋጡት በኋላ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ካልገባ፣ በደምዎ ውስጥ ያለው ስኳር እየወረደ ይሄዳል። ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ እንዲህ የሚያደርገው እምብዛም ነው። ይህን የምነግርዎ አንዱን ትተው ሌላውን እንዲይዙ ብዬ አይደለም፤ ሐኪምዎ ዘንድ ሲቀርቡ በደፈናው «ኪኒኔ» ከማለት የትኛው ኪኒን መሆኑን ለይተው እንዲጠይቁ ነው። ማታ መደረቡ ደግሞ ይበልጥ የሚያስፈራው፣ ስኳሩ የሚወርደው እርስዎም ቤተ ሰቡም ተኝታችሁ ሳለ ሊሆን ስለሚችል ነው፤ በቅዳሴው ደግፈው ያስቀመጡዎ ሴቶች እኩለ ሌሊት ላይ አይገኙም።

ሌላም ስጋት አለኝ። በጾም ቀን ኪኒኑን እየዘለሉ ቆይተው ወደ ቀጠሮዎ ሲሄዱ ምርመራው ስኳሩ ከፍ ማለቱን ያሳያል፤ ሐኪሙም መድኃኒቱን በአግባቡ የወሰዱ ስለሚመስለው «መጠኑ አልበቃም» ብሎ ሊጨምርልዎ ይችላል። ጾሙ ተፈትቶ ያንን የተጨመረውን በየቀኑ መውሰድ ሲጀምሩ ምን ሊከተል እንደሚችል ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም። ያልነገሩት ከምን የተነሣ ይሆን? ይቆጡኛል ብለው ነው? ሰው በሚበዛበት የክትትል ቀን ፊቱ የሚጠቁር ባለሙያ ሊያጋጥም እንደሚችል አልክድም፤ ነገር ግን በጾም ምክንያት ኪኒን መዝለል እንደኛ ባለ አገር በየክሊኒኩ የሚሰማ ነገር ስለሆነ የእርስዎ አዲስ አይሆንባቸውም።

ጊዜውን ላስታውስዎ። ጾመ ነነዌ ከሁዳዴ ሁለት ሳምንት ቀድማ ትገባለች። ቀጠሮዎ ከዚያ በኋላ ከሆነ እሱን አይጠብቁ፤ ነነዌ ሳትገባ ካርድዎን ይዘው ይሂዱ። የሚናገሩትን በወረቀት ጽፈው ቢይዙ ይሻላል፤ ወረፋው ደርሶ ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ግማሹ ይረሳልና። ባለፈው ሁዳዴ የሆኑትን፣ ኪኒን እየዘለሉና እየደረቡ መቆየትዎን፣ የአብሹን ውኃ፣ እስከ ስንት ሰዓት መጾም እንደሚፈልጉም ይጻፉበት። ሐኪሙ መድኃኒቱን ሊለውጥ፣ መጠኑን ሊቀንስ ወይም ሰዓቱን ሊያዛውር ይችላል፤ «እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት ለእርስዎ አይሆንም» ሊልዎም ይችላል። ጉዳዩ ለሕክምናው እንግዳ አይደለም። ሙስሊም ጎረቤቶችዎ በረመዳን የሚያነሡት ጥያቄ ከእርስዎ ጥያቄ ጋር አንድ ነው፤ ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽንም ረመዳንን ለሚጾሙ ሕሙማን ከሌሎች ጋር ሆኖ ያዘጋጀውን መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2021 አሻሽሎ አውጥቶታል። በዚያ መመሪያ መሠረት የስኳር ልኬቱ በዴሲ ሊትር ከ70 ሚሊ ግራም በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ፣ የቀረው ሰዓት ጥቂት ቢሆንም ጾሙ በዚያው ይቋረጣል።

እስከዚያው ድረስ ከቤት ሲወጡ፣ በተለይም ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ፣ በነጠላዎ ጫፍ ጥቂት ስኳር ወይም ከረሜላ ቋጥረው ይያዙ። ያ ላብና መንቀጥቀጥ ከመጣ ሰዓቱን ሳያዩ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ይጠጡ፤ 15 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ካልተሻለዎ ይድገሙት፣ ሲሻልዎ ደግሞ እህል ይቅመሱ። ከቤትዎም ቢያንስ አንድ ሰው ይህን ማወቅ አለበት፤ ራስዎን ከሳቱ ደግሞ በአፍዎ ምንም ሳይጨምሩ በፍጥነት ወደ ሐኪም ቤት እንዲወስዱዎ ይንገሯቸው። ሰው ራሱን ሲስት ጠበልም ሆነ ስኳር በአፉ ማንቆርቆር የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ወደ ሳንባ ገብቶ ሌላ አደጋ ሊያመጣ ይችላል።

ወደ ጾሙ ልሂድ። ጾማችን ሁለት ነገር በአንድ ላይ የያዘ ነው፤ አንዱ ከሥጋ፣ ከወተትና ከቅቤ መከልከል ሲሆን፣ ሌላው እስከተወሰነው ሰዓት እህል ውኃ አለመቅመስ ነው። ለእርስዎ አደጋው ያለው በሁለተኛው ነው። የመጀመሪያውን ሙሉውን 55 ቀን ቢጠብቁ፣ ምግቡ በልክና በዓይነት እስከተመረጠ ድረስ፣ ለሕመምዎ የሚያሰጋ አይደለም፤ ቅቤና የሰባ ሥጋ መቅረቱ ለግፊቱም የሚበጅ ነው። እንግዲህ «ጾሙን ልተው?» የሚለው ጥያቄዎ «ሰዓቱን ላሳጥር?» ወደሚል ሊጠብ ይችላል ማለት ነው። ይህን የሚፈቱልዎ የንስሐ አባትዎ ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ፣ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን ጾምን እንደ አቅሙ የምታቀልል መሆኗን እርስዎም ሳይሰሙ አልቀሩም፤ ነገር ግን ሌላው ሲቀልለት አይተው «ይገባዋል» የሚሉትን ለራስዎ ሲሆን እንደ ድካም የሚቆጥሩት ይመስለኛል። አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ቁርስ ቀምሰው ቅዳሴ ቢቆሙ በመጀመሪያ የሚያፍሩት ማንን ነው? እግዚአብሔርን ነው ወይስ አማትዎን? መልሱን ለእኔ አይጻፉልኝ፤ ለንስሐ አባትዎ ሲነግሩ ግን ይጠቅምዎታል።

ስለ ሰሙነ ሕማማትም አስቀድመው ያማክሩ። በስቅለት ዕለት ቀኑን ሙሉ እህል ሳይቀምሱ መስገድ ከባድ የጉልበት ሥራ ነው፤ ጉልበት ደግሞ በራሱ ስኳርን ያወርዳል። የስግደቱን ቁጥር መቀነስ ወይም ተቀምጦ መጸለይ ይቻል እንደሆነ የንስሐ አባትዎን ጠይቀው ቢቆዩ፣ በዚያ ቀን ከራስዎ ጋር አይሟገቱም።

አማትዎን በሚመለከት፣ ሊያስረዷቸው ሞክረው እንደሆነ አልጻፉልኝም፤ ቢሞክሩም ከምራት አፍ መስማቱ እንደማይጥማቸው እገምታለሁ። የንስሐ አባትዎ የቤቱ ሁሉ አባት ከሆኑ ግን፣ ጠበል ለመርጨት ሲመጡ ወይም ለቡና ሲጠሩ፣ አማትዎ በተቀመጡበት ጉዳዩን ያንሡላቸው። ፈቃዱን ከካህኑ በጆሯቸው ከሰሙ እርስዎ የሚከራከሩበት ነገር አይኖርም። የአብሹን ነገር እንደ ክፋት አይዩት፤ አብሽ ስኳርን በመጠኑ እንደሚያወርድ በጥናትም ታይቷል። ችግሩ ከግሊቤንክላሚድ ጋር በባዶ ሆድ ሲገናኝ የሁለቱ ማውረድ ሊደራረብ መቻሉ ነው። «ሐኪሙን እስክጠይቅ በጾም ጠዋት ይቆይልኝ» ቢሏቸው እውነትም ነው፣ እንደ ንቀትም አይቆጠርም። አማትዎ እርስዎን የመርዳት ፍላጎት እንዳላቸው ግልጽ ነው፤ ለዚያ እጃቸው የተሻለ ሥራ ከዚህ በታች አገኝላቸዋለሁ።

አሁን ወደ ማድቤቱ። ደብዳቤዎ ውስጥ ከኪኒኑ ቀጥሎ ያሳሰበኝ ትንሿ ድስት ናት። የታዘዘልዎ ምግብ ከቤተ ሰቡ ምግብ ይህን ያህል የተለየ መሆን አልነበረበትም፤ በእኔ አመለካከት ሐኪሙ ካዘዘው በላይ ራስዎን ቀጥተዋል። የሚገርመው ደግሞ የመረጡት ቅጣት ለስኳሩ ያን ያህል አይረዳም። ድንች ቢቀቀልም ያው ስታርች ነው፤ ሆድ ውስጥ ሲገባ በፍጥነት ወደ ስኳር ይለወጣል፤ በላዩ ግማሽ እንጀራ ሲጨመር ደግሞ ስታርች በስታርች ላይ ይሆናል። ሌሎቹ የሚበሉት ሽሮ፣ ምስር፣ የአተር ክክና ጎመን፣ ዘይቱና ጨው ከተቀነሰለት፣ ከእርስዎ ድንች ይሻላል፤ ጥራጥሬ ፕሮቲንና አሠር (ፋይበር) ስላለው ስኳሩ ቀስ እያለ እንዲገባ ያደርጋል። እንጀራውን በተመለከተ ቀይ ጤፍ ስኳር አይጨምርም የሚል ወሬ በሰፊው ይነገራል። ቀይም ነጭም ጤፍ ስኳርን ከፍ ያደርጋል፤ ስለዚህ የተነገረዎን ልክ ይጠብቁ። ይልቁን ዱቄቱን ይመልከቱ፤ በእኛ አካባቢ የፎገራ ሩዝ ከጤፍ ጋር እየተቀላቀለ መጋገሩ ከተለመደ ቆይቷል፤ የተፈተገ ሩዝ የበዛበት እንጀራ አሠሩ አነስተኛ ስለሆነ ቶሎ ስኳር ይሆናል። እንጀራ የሚገዙ ከሆነ ምን እንዳለበት መጠየቅ ነውር የለውም። ቅዳሜ ገበያ ወጥተው ጤፉን ራስዎ ገዝተው የሚያስፈጩ ከሆነ ደግሞ ጥቂት ዳጉሳ ወይም ማሽላ መቀላቀል ይችላሉ፤ ይህም ቢሆን ልኩን አያስቀርም። ሲቀርቡ በመጀመሪያ ጎመኑንና ምስሩን በብዛት፣ እንጀራውን በስስት ይያዙት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የተራበ ሰው ይህን ቅደም ተከተል ይረሳዋል፤ ሰዓትዎ ቢያጥር አንዱ ጥቅሙ ይኸው ነው፣ ከመጠን በላይ በልተው ማታ ስኳሩ ወደ ላይ እንዳይሄድ ይረዳዎታል። ማርንም «የተፈጥሮ ነው» እያሉ ከስኳር ለይተው አይዩት።

ጨው ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በድስቱ ላይ ጨው አልጨመርኩም ብሎ የሚያምን ሰው፣ በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ ጨው አብሮ መፈጨቱን ይረሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያልበለጠ ጨው ነው፤ ይህ ደግሞ በዳቦው፣ በሽሮውና በአዋዜው ውስጥ ያለውን ሁሉ ይጨምራል። ለአማትዎ ያስቀመጥኩት ሥራ ይኸው ነው፤ የሚመጣው በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጅ ጨው የሚባል እንዳይገባበት፣ በምትኩ ኮረሪማው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ጥቁር አዝሙዱና በሶብላው ጠንከር እንዲል አደራ ይስጧቸው። የበርበሬ ሙያ ያላት ሴት እንዲህ ያለ አደራ ሲሰጣት ደስ ይላታል። ከዚያ ድስቱ አንድ ይሁን፤ ጨው የሚፈልግ ልጅ በራሱ ፊት ነስነስ ያድርግ። ባለቤትዎም ዕድሜያቸው ከእርስዎ ብዙ የሚርቅ ካልሆነ ጨው ቢቀንስላቸው የሚጎዳቸው ነገር የለም፤ ግፊታቸውን መቼ እንደተለኩም ይጠይቋቸው። ምላስ ለውጡን ወዲያው አይቀበልም፤ ቀስ እያሉ ቢቀንሱት ግን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የድሮው ወጥ ራሱ ጨው የበዛበት ይመስላል። አንድ ጥንቃቄ ልጨምር፤ «ለግፊት የሚሆን ጨው» ተብሎ የሚሸጥ አንዳንድ ምርት በሶዲየም ፈንታ ፖታሲየም የበዛበት ስለሆነ፣ ኢናላፕሪል የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ ሊጠቀምበት አይገባም።

አንድ ድስት ከሆነ በአንድ ትሪ ለመቅረብ የሚከለክልዎ የለም። ትንሹ ልጅዎ መጥራቱን የተወው ስለሰለቸው ሳይሆን «እማዬ አትመጣም» ብሎ ስለደመደመ ነው ብዬ አስባለሁ፤ አንድ ቀን ሳይጠራዎ ሄደው ቢቀመጡ ይበቃል። ባለቤትዎን ደግሞ በንግግር ከማስረዳት ይልቅ ለሚቀጥለው ቀጠሮ አብረው እንዲሄዱ ይለምኗቸው። «ምን ይደረጋል» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ምን እንደሚደረግ የነገረው የለም። ሐኪሙ ስለ ኪኒኑና ስለ ስኳር መውረድ ሲናገር በጆሯቸው ቢሰሙ፣ ሌሊት ላብ ቢያሰምጥዎ የሚነቁት እሳቸው ናቸውና፣ ለእርስዎም ዋስትና ነው።

ማኅበሩን አይተዉ። ይህን ያለ ማመንታት የምለው፣ ሕመሙ ገና ያላስተወዎትን ነገር ፍርሃቱ እያስተወዎት ስለሆነ ነው። ለሁሉም በአንድ ጊዜ ይናገሩ አልልም። ከማኅበርተኞቹ ምስጢር የሚይዙ ሁለት ሴቶች ይምረጡ፤ አንዷ በማኅበሩ ቃሏ የሚሰማ ብትሆን ይመረጣል። የሚሏቸውም ረጅም መሆን የለበትም፤ «ስኳር አለብኝ፣ መድኃኒት ላይ ነኝ፣ ጠላና ዳቦ ሲበዛብኝ ያመኛል፣ ባለፈው ቅዳሴም ጨጓራ አልነበረም» ማለት ይበቃል። «በሞቴ» የምትለዋን ከአጠገብዎ ሆና «ተዪአት፣ በቅቷታል» የምትል አንዲት ሴት ካለች ግማሹ ችግር ይቃለላል፤ እርስዎ ራስዎ «በቃኝ» ሲሉ ኩራት የሚመስለው ከሌላ ሰው ሲመጣ እንክብካቤ ይሆናል። ጉርሻ ሲመጣም «ከጎመኑ ይሁንልኝ» ቢሉ አጉራሿ አትቀየምም፤ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብላ ሁለተኛ ብታስከትል ያው ጎመን ነው። ጽዋውን ቀምሰው ማሳለፍ ይችላሉ፤ ጠላ ከእህል የተሠራ ከመሆኑም ሌላ፣ አልኮል ከግሊቤንክላሚድ ጋር በባዶ ሆድ ሲገናኝ ስኳርን ሊያወርድ ስለሚችል ደጋግሞ መጠጣቱ ግን ለእርስዎ አይሆንም።

የመደገሱ ተራ በሁዳዴ የእርስዎ መሆኑ እንዳስጨነቀዎ ጽፈዋል፤ እኔ ግን ከወሩ ሁሉ የሚቀልልዎ ያ ቀን ነው እላለሁ። በሰው ቤት ከቀረበልዎ ውስጥ ይመርጣሉ፤ በራስዎ ቤት ግን የሚቀርበውን ራሱን ይመርጣሉ። ምስር፣ ጎመን፣ አዚፋ፣ የሽምብራ ንፍሮ፣ ተልባ፣ ጨው የቀነሰ ሽሮ፣ ከጠላው ጎን ደግሞ ውኃና ስኳር ያልገባበት ሻይ ቢያቀርቡ ማንም ድግሱ ጎደለ አይልም። ዳቦው ይቆረሳል፣ እርስዎም ቁራሽ ይደርስዎታል፤ ቁራሽ ዳቦ የሚያሰጋ አይደለም። ሥራውን ከመረጧቸው ሁለት ሴቶች ጋር ይካፈሉት፤ ሲሯሯጡ ውለው ምግብዎ እንዳያልፍዎ። ከአሥራ ሁለቱ ወር አንዱን ብቻ ያለፉ እንዳይመስልዎ፤ ዝርዝሩን ካዩት በኋላ ከማኅበርተኞቹ መካከል «ለእኔም ሐኪሙ እንዲህ ብሎኛል» የምትል ብትገኝ አይገርመኝም፤ በዚህ ዕድሜ ስኳርም ግፊትም ብዙ ሰው ላይ ያለ ሕመም ነው።

የልጅዎን ነገር በመጨረሻ ያስቀመጥኩት ስላቃለልኩት አይደለም። እንዳሉት ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም በቤተ ሰብ የመታየት ዝንባሌ አለው፤ ይህን መሸፈን አይቻልም። ዝንባሌ ማለት ግን ይይዛታል ማለት አይደለም፤ ክብደትን መጠበቅ፣ መራመድና በልክ መብላት ይህን ዝንባሌ በእጅጉ እንደሚቀንሱት የታወቀ ነው። እርስዎ ሸሽገው ሲኖሩ ልጅዎ የምታጣው ነገር ይህንን ዕውቀት ነው። ወሬው እንዳይሰማባት የሚፈሩላት ሰው ራሷ ሰምታው ይሆን? በአንድ ቤት እየኖረች እናቷ ለብቻዋ ስትበላ ለምን እንደሆነ ሳትጠይቅ ሁለት ዓመት ያለፈች አይመስለኝም። ስለዚህ ከማኅበሩ ሴቶችም ከንስሐ አባትዎም በፊት ከእሷ ጋር ይቀመጡ፤ ለሐኪሙ የሚያቀርቡትን ወረቀት አብራችሁ ጻፉት፣ የስኳር መውረድ ምልክቶቹንና የነጠላውን ስኳር ነገር ያሳዩአት፤ ለማን ይነገር ለማን አይነገር የሚለውን ደግሞ እሷም ትምከርበት፣ ጉዳዩ የእሷም ነውና። ነነዌ ሳትገባ ወደ ክሊኒኩ ሲሄዱ ፈቃደኛ ከሆነች ይዘዋት ይሂዱ፤ እርስዎ ሐኪሙን እስኪያናግሩ እሷም ስኳሯንና ግፊቷን ትለካ።